ሠላሳ ስድስት ጥርስ የነበራቸው ጦጣዎች

ሆሳዕና ከብት ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ሰው፣ ሻጩ ስለ ዕድሜው የሚነግረውን ብዙም አይሰማም። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የታች ጥርሱን ያያል። የወተት ጥርሱ ወድቋል? ስንቱ ተተክቷል? ተበልቷል ወይስ ገና ነው? ከሌሞ ገጠር የመጣ ገበሬ ይህን ዕውቀት ከአባቱ እንጂ ከመጽሐፍ አላገኘውም። ሻጭ ቢዋሽ ጥርስ አይዋሽም።

የጥንት እንስሳትን የሚያጠኑ ሊቃውንት ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንስሳ ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፣ አጥንቱን አውሬ ይቆረጥመዋል፣ የተረፈውን ዝናብና ፀሐይ ይፈረፍሩታል። ጥርስ ግን ከአካል ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ ይቆያል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ፣ ዛሬ አንድም ዘር ያልተረፈላቸው የጦጣ ወገኖች የሚታወቁትም በአብዛኛው በጥርሳቸው ነው። ሳይንስ ቤተሰባቸውን ፓራፒቴሲዴ ብሎ ይጠራዋል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ማለት እናት፣ አባትና ልጆች ማለት አይደለም፤ ድመት፣ ነብርና አንበሳ በአንድ ቤተሰብ እንደሚቆጠሩት፣ ከአንድ ግንድ የወጡ ብዙ ዝርያዎች ማለት ነው።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው ግብፅ ውስጥ፣ ከካይሮ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው የፋዩም በረሃ ነው። ሪቻርድ ማርክግራፍ የሚባል ሰው ሲኑሪስ በምትባል የፋዩም ከተማ ይኖር ነበር። ፕሮፌሰር አልነበረም። ኑሮው ከበረሃው ቅሪተ አካል እየለቀመ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሙዚየሞች ማቅረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የኒውዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቡድን ወደ ፋዩም ሲመጣ ማርክግራፍ ለእነሱም ሠራ። በዚያው ጊዜ የአንድ ግልገል እንስሳ የመንጋጭላ ስባሪ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የሙዚየሙ ሹም ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን አፒዲየም ብሎ ሰየመው። ስሙ የመጣው ከአፒስ፣ ማለትም የጥንት ግብፃውያን ያመልኩት ከነበረው ኮርማ ነው። ለጦጣ የኮርማ ስም! ኦስቦርን እንስሳው የጦጣ ወገን ይሁን ሰኮናማ በእርግጠኝነት መለየት አልቻለም ነበር። የሆሳዕና ከብት ነጋዴ ቢያየው ቢያንስ የበሬ አለመሆኑን ይነግረው ነበር።

ሌላው የማርክግራፍ ግኝት የሄደው ወደ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። እዚያ የደረሰውን መንጋጭላ የመረመረው ማክስ ሽሎሰር እ.ኤ.አ. በ1910 ፓራፒቴከስ አለው፤ በግሪክኛ «ከጦጣ አጠገብ» እንደማለት ነው። የቤተሰቡም ስም ከዚህ ወጣ። ነገር ግን መንጋጭላው መሐል ለመሐል ተሰብሮ ነበር። ሁለቱ ወገን ሲገጣጠም ከፊት፣ ከአገጩ ላይ፣ ቁራሽ አጥንት ከነጥርሱ መጥፋቱን ልብ ያለው አልነበረም። ጎዶሎው መንጋጭላ እንደ ሙሉ ተቆጠረ። ውጤቱም አገጩ ሹል የሆነ፣ የፊት ጥርሱ የተጓደለ፣ ከማንኛውም ጦጣ ጋር የማይመሳሰል ፍጡር ሆነ። በዚህ በተሳሳተ መልክ ላይ ተመሥርቶ ብዙ ተጻፈ፤ የዘር ሐረግም ተሳለበት። ስሕተቱ የታረመው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ፋዩም የተመላለሰው አሜሪካዊው ኤልዊን ሳይመንስ ሌሎች ያልተሰበሩ መንጋጭላዎችን ሲያገኝ፣ ለካ የጎደለው እንስሳው ሳይሆን ማስረጃው ኖሯል።

ማርክግራፍ ይህን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1916 አረፈ። ከመሞቱ 4 ዓመት በፊት ስፒኖሶረስ የተባለውን ትልቅ ዳይኖሰር አጥንት ከግብፅ በረሃ ያወጣው እሱው ነው፤ ያ አጥንት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙኒክ በአውሮፕላን ስትደበደብ ወደመ። ሊቃውንቱ ጨርሶ አልረሱትም፤ ሁለት የጥንት ጦጣ ዝርያዎች በስሙ ተሰይመዋል። ሆኖም ፓራፒቴከስን ከየትኛው የአለት ንጣፍ እንዳነሳው በትክክል አልተመዘገበም። የፋዩም ንጣፎች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የሚበላለጡ ናቸው። ስለዚህ ያ መንጋጭላ ዛሬም ድረስ ቤተሰቡን የሰየመ፣ ነገር ግን ሰፈሩ በቅጡ የማይታወቅ ነው።

እንስሶቹ ራሳቸው ምን ይመስሉ ነበር? አሁን ብዙ ይታወቃል። ከፋዩም ከወጡት የጥንት ጦጣዎች ውስጥ አፒዲየም በብዛቱ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ከዛሬዋ ጦጣ በጣም ያንሳል። የዓይኑ ጉድጓድ ትንሽ ስለሆነ በሌሊት ሳይሆን በቀን የሚንቀሳቀስ እንደነበር ይታመናል። የእግሩ ሁለት አጥንቶች ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ረዘም ላለ ርቀት ተጣብቀው ያደጉ ናቸው፤ ይህ ከዛፍ ዛፍ አጥብቆ የሚዘል እንስሳ ምልክት ነው። የወንዱ ክራንቻ ከሴቷ ይበልጣል። ዛሬ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚታየው በብዛት በመንጋ በሚኖሩ፣ ወንዶቹም በሴት በሚጣሉ ጦጣዎች ዘንድ ነው። ፋዩም ያኔ በረሃ አልነበረም፤ ወንዝ የሚያቋርጠው፣ ረግረግ ያለበት፣ ጥቅጥቅ ያለ ሞቃት ደን ነበር።

የአፒዲየም ጥርስ ደግሞ 36 ነው። ሰውም፣ ዝንጀሮም፣ ጉሬዛም ያላቸው 32 ነው። ልዩነቱ ከክራንቻ በኋላ፣ ከትልልቆቹ መንጋጋዎች በፊት ባሉት ትንንሽ ጥርሶች ላይ ነው። ሰው በእያንዳንዱ የአፉ ሩብ ሁለት ሁለት ሲኖረው አፒዲየም ሦስት ሦስት ነበረው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ይናገራል። የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎች፣ ዝንጀሮዎች፣ ጎሪላና ሰው ያሉበት ግንድ ሦስተኛዋን ጥርስ ጥሏታል። ፓራፒቴሲዶች አልጣሏትም። ስለዚህ ከዚያ ግንድ ቀድመው የተገነጠሉ ቅርንጫፍ ናቸው እንጂ የሰውም ሆነ የዝንጀሮ አያት አይደሉም።

በየካፌውና በየታክሲው «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ» በሚል ሳቅ የሚዘጋው ክርክር መስመሩን የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ክርክሩ የዘር ሐረግን እንደ መሰላል ያስባል፤ አንዱ እርከን ላዩ ላለው መወጣጫ ብቻ እንደተሠራ። ከአለት የሚወጣው ማስረጃ ግን መሰላል ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው የሚያሳየው። ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አብዛኛው ይደርቃል። ፓራፒቴሲዶች ከዚያ ከደረቀው ወገን ናቸው። ማንንም ለመውለድ የተፈጠሩ አልነበሩም፤ ለራሳቸው ኖሩ፣ በዙ፣ ብዙ ዝርያ አወጡ፣ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ቆዩ። በዚህ ሚዛን የዘመናዊው ሰው ዕድሜ፣ ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ቅል እንደሚመሰክረው፣ 200 ሺህ ዓመትን ትንሽ ያለፈ ነው።

እነዚህ ጦጣዎች በሕይወት ሳሉ የዛሬው የሌሞ ምድር ምን ነበር? አንባቢ የለመደውን ካርታ ከአእምሮው መጣል አለበት። ቀይ ባሕር አልነበረም፤ አረቢያና አፍሪካ አንድ የብስ ነበሩ። ስምጥ ሸለቆ አልተከፈተም። ሆሳዕና ዛሬ የቆመችበት ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ በዚህ መልኩ አልነበረም። 777 ደረጃ የተሠራለት የከምባታው አምበሪቾም ገና አልተወለደም። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን የኢትዮጵያ መሬት ተሰነጣጠቀና ቅልጥ አለት ፈሰሰ። እንደ አንድ ተራራ ፍንዳታ አይደለም፤ አገር ምድሩን የሚያለብስ ጎርፍ ነበር። በአንዳንድ ቦታ ንጣፉ ተደራርቦ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሰሜን ተራሮች የተፈለፈሉት ከዚያ ነው። በሐዲያና በከምባታ በኩል ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት የተከተሉት የኋለኞቹ እሳተ ገሞራዎች በላዩ አመድና አለት ጨመሩበት። በአመዱ ላይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ እንሰት፣ በእንሰቱ ዙሪያ ባሕር ዛፍ።

ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ፋዩም፣ ቱርካና፣ አፋር፤ ቅሪተ አካል የሚገኝባቸው ቦታዎች ሁሉ መራቆታቸው ያመሳስላቸዋል። የሳይመንስ ቡድን ፋዩም ላይ ይጠቀምበት የነበረው ዘዴ ይህን ያሳያል፤ በረሃውን የሸፈነውን ጠጠር ጠርገው ይሄዳሉ፣ ነፋሱ ለአንድ ዓመት አሸዋውን ሲያበንነው ጥርስና አጥንቱ ብቅ ይላል፣ ተመልሰው ይለቅማሉ። በሌሞ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። አፈሩ የሰው ጉሮሮ ነው፤ ዝናቡም ሣር እንጂ አጥንት አያወጣም።

ታዲያ ጦጣዎቹ እዚህ አልነበሩም ማለት ነው? ካርታው ሌላ ይላል። በሰሜን ፋዩም አለ። በደቡብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ከኬንያ ቱርካና አካባቢ፣ ሎኮኔ ከሚባል ቦታ የተገኘ የዚሁ ቤተሰብ አባል ታወጀ፤ ሎኮኔፒቴከስ ተባለ። ከፋዩሞቹ ዕድሜው ያነሰ፣ ከቤተሰቡ የኋለኞች አንዱ ነው። ቱርካና ለሐዲያ ሰው ባዕድ ስም አይደለም። ከሐዲያ ምዕራባዊ ቁልቁለት የሚወርደው ውኃ ኦሞ ገብቶ የሚያርፈው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው፤ የምሥራቁ ደግሞ በብላቴ አድርጎ አባያ ይገባል። ቤተሰቡ በሰሜንም በደቡብም ከኖረ፣ መካከሉን ዘሎ አለፈው ማለት ያስቸግራል። ከፋዩም እስከ ቱርካና ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ ኢትዮጵያን ይጨምራል። የሽሎሰር መንጋጭላ ከፊት እንደጎደለ ሁሉ ይህ ካርታም ከመሐሉ የጎደለ ነው፤ ጎዶሎውን እንደ ሙሉ ማየት ያኔም አሳስቷል።

በዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንድ መስኮት ተከፍቷል፤ ከጎንደር በስተምዕራብ ያለችው ጭልጋ። በቅልጥ አለቱ ፍሰቶች መካከል በተፈጠረ ተፋሰስ ውስጥ ጭቃና ደለል ተጠራቅሞ ነበር። ጆን ካፔልማን የመሩት ቡድን ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን ይዞ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ግኝቱን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አወጣ። ዕድሜው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ነው። እዚያ የወጡት የጥንት የዝሆን ወገኖች፣ የሽኮኮ ትልልቅ ዘመዶችና ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው አርሲኖይቴሪየም ናቸው። ከዝሆን ወገኖቹ አንዱ ጭልጋቴሪየም፣ «የጭልጋ አውሬ» ተብሏል። ከሕዝቡ ስንቱ ያውቀዋል? በዚያ ዘመን ደን፣ ውኃና ትልልቅ እንስሳት በኢትዮጵያ እንደነበሩ ግን ተረጋግጧል። የአንድ ኪሎ ጦጣ ጥርስ ከዝሆን ጥርስ ጋር እኩል በዓይን አይገባም፤ ለእሱ አፈር በወንፊት ማጠብና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ትዕግሥት ምን እንደሚያወጣ ፔሩ አሳይታለች። ከብራዚል ድንበር አጠገብ፣ በአማዞን ደን ውስጥ፣ ሳንታ ሮሳ በተባለ ቦታ ከወንዝ ዳር ጭቃ የጥንት ጦጣ ጥርሶች ወጡ። ኤሪክ ሳይፈርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ መጽሔት ላይ ስሙን ኡካያሊፒቴከስ ብለው አስተዋወቁት። ያላቸው አራት መንጋጋ ጥርስ ነው፤ በቃ። ሆኖም ጥርሶቹ የደቡብ አሜሪካን ጦጣዎች አልመስል አሉ፤ የፋዩምን ፓራፒቴሲዶች ግን ቁርጥ ናቸው። የአፍሪካ ቤተሰብ ከአትላንቲክ ወዲያ ማዶ ተገኘ ማለት ነው።

እንዴት ተሻገሩ? ያኔ አትላንቲክ ከዛሬው ይጠብ ነበር፤ ቢሆንም ከ1,500 ኪሎ ሜትር የማያንስ ባሕር ነው። ሊቃውንቱ የሚሰጡት ማብራሪያ ተረት ይመስላል፤ በከባድ ጎርፍ ከወንዝ ዳር ተገንጥሎ፣ ዛፍና ሥር እንደተጠላለፈ ወደ ባሕር የተወሰደ የመሬት ቁራሽ ላይ ሆነው። ጉዳዩን ከተረት የሚለየው አማራጭ ማጣቱ ነው። ድልድይ አልነበረም፤ አህጉራቱ ከተለያዩ ብዙ ዘመን አልፏል። የዛሬዎቹ የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች አባቶችም፣ የአይጥ መሰል እንስሳት ወገንም በዚሁ መንገድ ከአፍሪካ እንደተሻገሩ ይታመናል። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ይባል ነበር፤ ጦጣዎች ብቻ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተሻግረዋል። ከሁለቱ ተሳፋሪ አንደኛው አማዞንን በዘር ሞላ። ሁለተኛው፣ ፓራፒቴሲዱ፣ እዚያም ጠፋ።

ለምን ጠፉ ለሚለው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዓለም በአንዴ ስትቀዘቅዝና የአንታርክቲካ በረዶ ሲሰፋ ፓራፒቴሲዶች አልፈውታል። ኋላ ላይ አረቢያ ከእስያ ጋር ስትገጥም አዳዲስ እንስሳት ወደ አፍሪካ ገቡ፤ ደኖችም ተቀያየሩ፤ የዛሬዎቹ ዝንጀሮዎችና ጉሬዛዎች አባቶች ተነሡ። ከዚያ በኋላ የፓራፒቴሲድ ጥርስ አይታይም።

ኢትዮጵያ ለቱሪስት የምትጠራበት መፈክር «ምድረ ቀደምት» ነው። የትምህርት ቤቱ ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ ከድንቅነሽ፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጀምራል፤ አርዲ ከታከለች 4.4 ይሆናል። ቀደምትነት የሚቆጠረው ወደ ሰው በሚያደርሰው መስመር ብቻ ነው፤ በመንገድ የቀሩት አይነሱም። ስለዚህ የጭልጋ አውሬ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለም። ስለ ቾሮራም የሚያወራ ጥቂት ነው። በአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያውን ጥርስ ያነሳው ካምፒሮ ቃይራንቶ የተባለ ኢትዮጵያዊ ቅሪተ አካል ፈላጊ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ገን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ባልደረቦቻቸው በዘጠኝ ጥርስ ብቻ ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ የተባለ የጥንት የጎሪላ ወገን ሳይሆን አይቀርም ያሉትን አሳወቁ። ዕድሜው መጀመሪያ 10 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ፣ በ2016 በተደገመ ልኬት 8 ሚሊዮን ሆነ። እዚህ ከማርክግራፍ ዘመን የተሻለ ነገር አለ፤ ጥርሱ ከየት እንደተነሳ ተመዝግቧል። የዕድሜ እርማቱም የተቻለው ለዚህ ነው።

ሌሞ ላይ ፓራፒቴሲድ ይገኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ላይ ያለው አለት ለእነሱ ዘመን በጣም ወጣት ነው። ግን የሆሳዕና ዙሪያ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ እየተቆፈረ ነው። ከተማዋ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ለሕንፃ ድንጋይ፣ ለመንገድ ገረጋንቲ፣ ለውኃ ጉድጓድ ይፈለጋል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ገደል ሲወረድ ደግሞ ወንዙ ራሱ ቆፍሮ ከላይ ካለው የቆየ አለት አውጥቷል። የካባ ሠራተኛ በሁለት ጥቁር አለት መካከል ግራጫ ወይም ቀይ የጭቃ ንጣፍ ሲያጋጥመው ለሥራው አይጠቅመውምና ገፍቶ ይጥለዋል። ጭልጋ ላይ ዝሆኖቹ የወጡት ከእንደዚያ ዓይነት፣ በአለት ፍሰቶች መካከል ከተቀመጠ ደለል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ከዚህ ሕግ በፊት የሚያስፈልገው ግን በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ያገኘው ሰው ሳያጥበው፣ ሳይፈቀፍቀው፣ ኪሱ ከመክተቱ በፊት ቦታውን ፎቶ ቢያነሳና ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ምልክት ቢያደርግ።